ባዶውን የማይመለስ ሳህን፦ ለበዓል በእጅ የተሠራ ጣፋጭ ስለ መስጠት

(ከገና በዓል በፊት በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ አንዲት የማኅበራችን አባል ያደረጉት ንግግር)



ኮሚቴው ስለ በዓል ጣፋጭ አሠራር እንድናገር ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ዳቦ ቆሎ እየሠራሁ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ የምነግራችሁም ምጣድ ዳር ተቀምጬ ያየሁትን ነው። ነገር ግን አሠራሩን ብቻ ተናግሬ አልቀመጥም። ማኅበራችን ለበዓል የሚሰጠውን ርዳታ የሚመለከት አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። በደንብ ሰምታችሁ በኋላ እንድትወያዩበት እለምናችኋለሁ።

ቤት ውስጥ የተሠራ ነገር ለበዓል መስጠት ከውጭ የመጣ ልማድ የሚመስላቸው አሉ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ሪባን ስለሚታሰርለት ይሆናል። ግን ቡሄን አስቡ። ነሐሴ 13 ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ሲዞሩ እናቶቻችን ይሰጧቸው የነበረው ሙልሙል ነው። ሙልሙል ለልጅ እጅ እንዲመች ተብሎ በትንሹ የሚጋገር ዳቦ ነው። ቤተሰቡ ድፎውን ይበላል፤ ሙልሙሉ ግን ከጅምሩ ለሚመጣ ሰው ተብሎ የተጋገረ ነው። ዛሬ በከተማ ቦታውን ብር ወስዶታል። ልጆቹም ብሩን ይመርጣሉ፤ አልፈርድባቸውም። በፋሲካም ልጅ ለወላጁ፣ የክርስትና ልጅም ለክርስትና አባቱ ወይም እናቱ የሚወስደው አክፋይ አለ። በየሰፈራችንም ቢሆን ከጎረቤት የመጣ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሌላው ቢጠፋ ጥቂት ቆሎ ይደረግበታል።

ጣፋጩም ቢሆን የራሳችን ታሪክ አለው። በአገራችን ስኳር በዘመናዊ ፋብሪካ መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በአብዛኛው ቤት ማጣፈጫው ማር ነበር። ሐረርና ድሬዳዋ የኖራችሁ ደግሞ ሐላዋውንና ሙሸበኩን ታውቁታላችሁ። እንግዲህ መስጠቱም ማጣፈጡም የእኛው ነው። ዛሬ የምለው ያንን በማኅበር እንሥራው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

ማኅበራችን ለበዓል ለተቸገሩ አባላት ዘይት፣ ዱቄትና ለዶሮ የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል። መልካም ሥራ ነው፤ ይቀጥል። ባለፈው ዓመት ግን ከበዓል በኋላ ቡና ስንጠጣ አንዲት አባላችን የነገረችኝን ላካፍላችሁ። ስሟን አልጠራም። «ዶሮዋን ሠርቼ ከልጆቼ ጋር በላን፤ ማኅበሩን አመሰገንኩ። ከቤት ግን አልወጣሁም። እነ እከሊት ቤት እንኳን አደረሳችሁ ልበል ብዬ ብሄድ ባዶ እጄን ነው። እሷ ደግሞ በነጋታው አንድ ነገር ይዛ ትመጣለች። እኔ ምን እመልስላታለሁ? በሬን ዘግቼ ዋልኩ» አለችኝ።

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። ደጋግሜ ሳስበው ግን የእሷ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ገባኝ። ርዳታችን ሌማቱን ይሞላል፤ የተዘጋውን በር ግን አይከፍትም። ጉርብትና ሰጥቶ መቀበል ነው። ለዓመታት ተቀባይ ብቻ የሆነች ሴት ቀስ በቀስ ድምፅዋ ይጠፋል። መጀመሪያ የበዓል ጥየቃ ትተዋለች፤ ቀጥሎ ከቡናው ትቀራለች፤ ከዚያ ልጆቿን «ሰው ቤት አትሂዱ» ትላለች። አንድ ቀን ብትታመም ማን ያውቅላታል? መረዳጃ ማኅበር ያቋቋምነው ሰው ብቻውን እንዳይቀር ነው። የምንሰጠው ነገር ራሱ ሰውን ቤቱ የሚያስቀምጥ ከሆነ ዓላማችንን መልሰን ልናየው ይገባል።

ሐሳቤ ይህ ነው። ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ አባላት ሁላችንም፣ ርዳታ የሚያገኙትም የማያገኙትም፣ በአንድነት ጣፋጭ እንሥራ። እያንዳንዳችን እኩል ሁለት ከረጢት ይዘን እንውጣ። ከረጢቱ ለራሳችን ቤት አይደለም፤ ለሁለት ቤት የምንሰጠው ነው። ለማን እንደምትሰጥ የምትመርጠው ባለቤቷ ናት። ለጎረቤት ትስጥ፣ ልጇን ለምታስተምር መምህርት ትስጥ፣ የተጣላቻትን ታስታርቅበት፤ ማንም አይጠይቃትም። ያቺ እኅታችን በዚያ በዓል የሰው ደጅ ስታንኳኳ በእጇ የያዘችው የገዛ እጇ ሥራ ይሆናል።

«ለምን ጣፋጭ? ለምን እንጀራ ወይም ወጥ አይሆንም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አራት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ጾም አይከለክለውም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ድረስ ይዘልቃል። እኛ የምንሠራው ደግሞ ከበዓሉ አስቀድሞ ነው። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ጣፋጭ ከሆነ ሠሪዋም ትቀምሰዋለች፣ የምትቀበለውም ሳትጠብቅ ትበላዋለች።

ሁለተኛ፣ ከሃይማኖት ሃይማኖት ይሻገራል። በመካከላችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ። በበዓል አንዳችን የሌላችንን እርድ አንበላም፤ ይህን አክብረን አብረን ኖረናል። ስለዚህ በዓላችን በሥጋ ብቻ የሚከበር ከሆነ ጎረቤታችን ከደጅ ይቀራል። ዳቦ ቆሎ፣ ሰሊጥ በማር፣ ለውዝ ግን ከማንም ቤት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ እንደገቡ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ሁላችንም ጾመኞች ነበርን። የጾም ጣፋጭ በዚያ ወቅት ለአፍጥርም ለእኛም ማዕድ የሚሆን ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሥጋ በተጠበሰበት መጥበሻ አንሥራ። ለዚህ ሥራ የተለየ ምጣድና ድስት ይኑረን፤ ጎረቤታችን ስትጠይቀን «የተለየ ነው» ብለን አፋችንን ሞልተን እንድንናገር።

ሦስተኛ፣ ይቆያል። በደንብ የደረቀ ዳቦ ቆሎ ለሳምንታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። በበዓል ዋዜማ የሁሉም እጅ በሥራ ስለሚያዝ ቀደም ብሎ ተሠርቶ መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛ፣ በትንሹ ያምራል። ግማሽ ዶሮ ስጦታ ይዞ የሚሄድ የለም። አንድ ጭብጥ የማር ሰሊጥ ግን ንጹሕ ወረቀት ውስጥ ሲገባ ሙሉ ስጦታ ነው። ተቀባይዋም ብድር እንደተጫነባት አይሰማትም።

አሠራሩን እንግዲህ ልናገር። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ በብር አልነግራችሁም፤ በመጠን ነው የምነግራችሁ።

ዳቦ ቆሎ እንሥራ። አንድ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት እንይዛለን። የተፈጨ ኮረሪማ ወይም ጥቁር አዝሙድ ጣል ማድረግ ይቻላል። ልጆች የማይበሉት ከሆነ በርበሬም አንዳንዱ ይወዳል። ስኳሩን ለብ ባለ ውሃ አሟሙተን፣ ዘይቱን በዱቄቱ አሽተን፣ ውሃውን ጥቂት በጥቂት እየጨመርን ጠንከር ያለ ሊጥ እናቦካለን። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቅ የለበትም። ግማሽ ሰዓት ሸፍነን እናሳርፈው። ሳያርፍ ብንድጠው እየተሰበሰበ ያስቸግራል። ከዚያ እንደ እርሳስ ውፍረት እያንከባለልን በሽምብራ መጠን እንቆርጣለን። ቁርጡ እኩል ይሁን፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ ትንሹ ሲያር ትልቁ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

የሚቆላው በምጣድ፣ በዝግታ እሳት፣ እየተማሰለ ነው። እሳት የበዛበት ዳቦ ቆሎ ላዩ ይቀላል፤ ውስጡ እርጥበት ስላለው ግን በሦስተኛው ቀን ይለሰልሳል፤ ቆይቶም ይሻግታል። መድረሱን ለማወቅ አንዷን አውጥታችሁ ቀዝቅዛ ስትሰበር ስሟት። «ቀጭ» ካለች ደርሷል። ትኩስ እንዳለ መሞከር አያሳይም፤ ትኩስ ሲሆን ሁሉም ለስላሳ ነው። ዘይት ውስጥ መጥበስም ይቻላል፤ ግን ዘይት ይፈጃል፣ ወረቀቱንም ያወዛል። ለስጦታ የተቆላው ይሻላል።

ሁለተኛው የማር ሰሊጥ ነው። ግማሽ ኪሎ የታጠበና የተለቀመ ሰሊጥ፣ 250 ግራም ስኳር፣ 150 ግራም ማር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ሎሚው ስኳሩ ተመልሶ አሸዋ አሸዋ እንዳይል ይከለክላል። ሰሊጡን መጀመሪያ ለብቻው ቆልተን ሽታው ሲመጣ እናውርደው። ከጠቆረ ይመርራል። ስኳሩን፣ ማሩንና ሎሚውን ከታች ወፈር ባለ፣ ከላይ ጥልቀት ባለው ድስት እናፍላ። ማር ሲፈላ አረፋው ስለሚነሣ ትንሽ ድስት ገንፍሎ ያቃጥላል።

ማሩ ረግቶ ብታገኙት አትደንግጡ። መርጋት የማር ባሕርይ ነው፤ በተባዕድ ተደባልቋል ማለት አይደለም። ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ብታቆሙት ይቀልጣል።

አሁን ልብ በሉ። ከውጭ አገር የመጣ አሠራር በስልክ አይታችሁ «150 ዲግሪ ይድረስ» የሚል ብታገኙ ለእኛ አይሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ስኳሩም እንደዚያው ቀደም ብሎ ይደርሳል። በውጭዎቹ ቁጥር ከሄድን ያርርብናል። እኛ መለኪያ መሣሪያም አያስፈልገንም። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ አጠገባችን እናስቀምጥና ከፈላው ጠብ እናድርግ። ውሃው ውስጥ እንደ ሊጥ ከለሰለሰ ገና ነው። ጠንክሮ ግን ስናጥፈው ከተለመጠ አሁንም ጥቂት ይቀረዋል። ስንሰብረው እንደ መስታወት ቀጭ ካለ ደርሷል፤ ወዲያው ከእሳት ይውረድ። ይህ ዘዴ ደጋም ቆላም ይሠራል።

ሰሊጡን ጨምረን በፍጥነት አማስለን፣ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ገልብጠን፣ ዘይት በተቀባ መዳመጫ እንደምጠዋለን። ለብ እንዳለ በቢላዋ እንቁረጠው። ከቀዘቀዘ በኋላ እንደፈለገው ነው የሚሰባበረው። በሰሊጥ ፋንታ የተቆላና የተፈተገ ለውዝ ብታደርጉም አሠራሩ አንድ ነው።

ስለ ጥንቃቄ የምለውን ቸል እንዳትሉብኝ። ስጦታችን ሰው ቤት የሚገባ፣ ልጅ አፍ ውስጥ የሚገባ ነው።

የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ የባሰ ያቃጥላል፤ ይጣበቃልና። ስኳር በሚፈላበት ክፍል ሕፃናት አይግቡ። የተቃጠለ ቢኖር ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይያዝ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ አይቀባ። ቁስሉ ሰፋ ካለ ወይም ፊት ላይ ከሆነ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ለውዝ ስንገዛ የተሸበሸበውን፣ የጠቆረውን፣ ሻጋታ ያለበትን አንድ በአንድ ለቅመን እንጣል። እርጥበት የነካው ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። መርዙ በመቆላት አይጠፋም። «ብጥለው ያሳዝናል» የምትል ካለች፣ የሚያሳዝነው መስጠቱ ነው።

ማር ያለበት ነገር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ፤ ሐኪሞች አጥብቀው የሚከለክሉት ነው። ለውዝና ሰሊጥ ደግሞ የማይስማማው ሰው አለ፤ አንዳንዱን ለሞት ያደርሳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ በትንሽ ወረቀት «ውስጡ ሰሊጥ፣ ማርና ስኳር አለ» ብለን እንጻፍ። ማንበብ ለማይችል በቃል እንንገር። የስኳር ሕመም ያለባቸውን እናቶቻችንንም «ማር ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ብለን አንሸንግላቸው። ማርም ስኳር ነው። ለእነሱ ያልጣፈጠ የተቆላ ለውዝ ብንይዝላቸው አስበንላቸዋል ማለት ነው።

ሁሉም ነገር በደንብ ሳይቀዝቅዝ አይታሸግ። ትኩሱን ብናሽገው ላቡ ተመልሶ ያለሰልሰዋል። ለማሸጊያ ጋዜጣ ወይም ሌላ ነገር የነበረበት ፌስታል አንጠቀም። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከረጢት ሆኖ ሊሰፋ ይችላል። በመካከላችን ልብስ የሚሰፉ እኅቶች አሉ፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ማሰሪያ ቢያዘጋጁልን ሪባን መግዛት አይኖርብንም።

«ይህን ያህል ከለፋን ለምን አንሸጠውም?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ሻጭ ነኝ፤ ሽያጭን አልንቅም። ዳቦ ቆሎ መሸጥ የምትፈልግ እኅት ካለች ከበዓል በኋላ ትምጣ፣ አሠራሩንም ገበያውንም አሳያታለሁ። ሁለቱን ግን አንቀላቅል። የሚሸጥ ነገር ገዢውን ያስባል፤ ገንዘብ የሌለው ጎረቤት እዚያ ውስጥ የለም። ከዓመቱ ቀኖች አንዱን ቅዳሜ ከገበያ ነጻ ብናደርገው አንደኸይም።

ለደጋፊዎቻችን የምለው አለኝ፤ በቅንነት እንደምትቀበሉኝ አምናለሁ። ለበዓል የታሸገ ብስኩትና ከረሜላ ገዝታችሁ ስትልኩልን እናመሰግናለን። ልጆቻችንም ይደሰቱበታል። ወደፊት ግን ከቻላችሁ ጥሬውን ላኩልን፤ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ሰሊጡን፣ ማሩን፣ የሚበረክት ብረት ምጣድ። በተመሳሳይ ገንዘብ የተሠራው ነገር ለብዙ ቤት ይዳረሳል፤ ሙያውም እዚሁ ይቀራል።

ሁለተኛው ልመናዬ፣ በከረጢቱ ላይ የደጋፊ ስም ወይም ምልክት አይለጠፍ፤ ስንሰጥም ፎቶ አይነሣ። አንዲት እናት ለጎረቤቷ የወሰደችው ከረጢት የሌላ ሰው ስም ካለበት፣ ስጦታው የእሷ መሆኑ ይቀራል፤ አድራሽ ብቻ ትሆናለች። የላካችሁት ምን ያህል እንደሆነና በምን ላይ እንደዋለ በዚህ መጽሔታችን በዝርዝር እናሳውቃችኋለን። ሒሳቡን የማየት መብት አላችሁ። ተቀባይዋ ግን ፊቷን ለሒሳብ ማስረጃ እንድትሰጥ አንጠይቃት።

አባላትም የየአቅማችንን እናዋጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ስኳር ያላት አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ ሎሚ ያላት ሎሚ፣ ከሰል ያላት ከሰል ታምጣ። ምንም የሌላት እጇን ይዛ ትምጣ፤ ሊጥ ማንከባለል ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ማን ምን እንዳመጣ በመዝገብ አይጻፍ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና ከዚያ ይሠራበት። ከጠረጴዛው ማዶ ሰጪ፣ ከወዲህ ተቀባይ የሚባል ነገር በዚያ ቀን አይኑር። መቆም የማይችሉ አረጋውያን እናቶቻችን ተቀምጠው ሰሊጥ ይልቀሙልን፣ ቅምሻውንም እነሱ ይፍረዱ። ቤት ለሚውሉ ሕሙማን አባላትም ሁለት ሁለት ከረጢታቸው ይድረሳቸው። እነሱም ለሚጠይቃቸው ሰው የሚሰጡት ይኑራቸው።

ይህን ለገና ጀምረን ከተሳካ፣ ሙስሊም እኅቶቻችን ለዒድ ይምሩን፤ እኛ ደግሞ ሊጡን እናንከባልላለን። ውሳኔው የጉባኤው ነው። ብቻ ኮሚቴው ለበዓል የሚሰጠውን ዘይትና ዱቄት እንዳይቀንስ አጥብቄ አሳስባለሁ። ጣፋጩ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው፤ በዚያ ፋንታ የሚመጣ አይደለም። የተራበ ቤት ስጦታ ይዞ እንዲወጣ አይጠየቅም።

 ክርስቲያን እኅቶቼን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሳችሁ፣ ሙስሊም እኅቶቼን ለዒዳችሁ በጤና ያድርሳችሁ እላለሁ። ቅዳሜውን ከወሰናችሁ ምጣዱን እኔ አመጣለሁ።